የአቶ ደግፌና የሁሴን መሻገሪያ

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዋ ልጄ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ መሸምደድ ጀመረች። «እንግሊዝ የኒጀርን ወንዝ የታችኛውን ክፍል ያዘች። ፈረንሳይ የላይኛውን ያዘች። የተፎካከሩበት ምክንያት፣ አንደኛ፣ የዘንባባ ዘይት ንግድ…» ትላለች፤ ዓይኗን ጨፍና እንደገና ትጀምራለች። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። እጄ ቀጥ አለ።

«እማዬ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?» አለችኝ።

«አልተሳሳትሽም፤ ቀጥይ» አልኳት። እሷ ቀጠለች፤ እኔ ግን ከሷ ጋር አልነበርኩም። ሐሳቤ ሠላሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄዶ፣ ከመንዝ ቁልቁል ወርዶ፣ አንድ የደፈረሰ ወንዝ ዳር ቆሞ ነበር።

ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የታሪክ መምህርት ሆኜ መንዝ ውስጥ ቀየት ስመደብ ዕቃዬ ሁሉ አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ስለሆነ ብርድ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። መንዝ ግን በመጀመሪያው ሳምንት አሳፈረችኝ። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከክፍሉ መስኮት ገብቶ ከተማሪዎቹ ጋር ይቀመጣል ማለት ይቻላል። ጠመኔ የምይዝበት ጣቴ አልታዘዝ ስለሚለኝ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ብዙውን በቃል ነበር የማስተምረው። አከራዬ አዝነውልኝ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ሰጡኝ። ሲከብደኝ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ስጥለው ብርዱ ይነሳኛል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያለሱ መተኛት አቃተኝ። ዛሬም ሞቃት ቤት ውስጥ ተኝቼ ያ ክብደት የሚናፍቀኝ ጊዜ አለ።

ተማሪዎቼ ሁለት ዓይነት ነበሩ። የደጋዎቹ በየአቅራቢያው ካሉ መንደሮች ይመጣሉ። የቆላዎቹ ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ከመርሐቤቴ በኩል ናቸው። በዚያ አካባቢ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ስላልነበረ ቀየት ላይ በጋራ ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገደሉን ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሁድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ የሎሚና የአዲስ በርበሬ ሽታ ከጠጉር ልብስ ሽታ ጋር ይቀላቀላል። ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ ቀኑ ሰኞ መሆኑን አውቅ ነበር።

ወንዙን የመንዝ ሰው በአንድ ስም፣ የማዶው ሰው በሌላ ስም ይጠራዋል። የአንዱን ጠርቼ ሌላውን ላስቀይም አልፈልግም፤ ወንዙ ብቻ ልበለው። በበጋ ከጉልበት አያልፍም። በክረምት ግን ከደጋው የወረደውን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚሻገሩበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። የመንዝ ገብስ፣ በግና ባና በዚያ ወደ ቆላ ገበያ ይወርዳል፤ በርበሬው፣ ጥጡ፣ ማሽላውና ጨው በዚያው ይወጣል። መሻገሪያውን የያዘ ሰው ገበያውን ያዘ ማለት ነበር።

በእኛ በኩል ያለውን ዳር የያዙት አቶ ደግፌ ነበሩ። ከአባታቸው ጀምሮ ዋናተኞች ናቸው። ስልቻ ነፍተው ተሻጋሪውን ያስይዙታል፤ እሳቸው ወይም ልጆቻቸው ከኋላ እየዋኙ ይገፉታል። በማዶ ያለው ደግሞ ሁሴን ነው። ቤተሰቦቹ ነጋዴዎች ናቸው። እሱ ወታደር ሆኖ የመኪና ረዳት ነበር፤ ሠራዊቱ ሲበተን አራት አሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ በአህያ ጭኖ መጣ። ነፍቶ፣ አስሮ፣ ጣውላ ደልድሎበት ታንኳ አደረገው። ጨው የማይረጥብበት፣ በርበሬ የማይነከርበት መሻገሪያ ሲገኝ ነጋዴ ሁሉ ወደሱ ዞረ።

የአቶ ደግፌ ልጆች ዝም አላሉም። ታንኳው የሚያርፍበትን የእኛን ዳር ዳገቱ ድረስ በግራር እሾህ አጠሩት። የሁሴን ዘመዶች በበኩላቸው ዱላ ይዘው ማዶ ቆሙ፤ ከደግፌ ቤት የሆነ ዋናተኛ በእነሱ ዳር አይወጣም አሉ። የሁለቱም ወረዳ መሥሪያ ቤቶች ወንዙ የሚገባው ለኛ ነው የሚል ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ደብዳቤዎቹ ራሳቸው በምን እንደተሻገሩ አላውቅም።

ይህን ሁሉ እሰማ ነበር፤ ግን ከማስተምረው ጋር አላገናኘሁትም። በሚያዝያ የኒጀር ምዕራፍ ላይ ደረስን። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለነበረ እኔ በአማርኛ እያፍታታሁ አስረዳለሁ። ካርታ በጠመኔ ሥዬ፣ እንግሊዞች ከታች፣ ፈረንሳዮች ከላይ እንዴት እንደገሰገሱ፣ ማን ከየትኛው አለቃ ጋር ተፈራርሞ የማንን መርከብ እንዳስቆመ በስሜት እያወራሁ ሳለ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ሰዓዳ ነበረች። የሁሴን ታናሽ እህት ናት፤ ትምህርት ዘግይታ ስለጀመረች አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ግን የማይነቀል ልጅ ነበረች።

«መምህርት፣ ወንዙ ዳር የሚኖሩት ሰዎችስ? ያሻግሩ የነበሩት?»

መጽሐፉን ገለጥ አደረግሁ። አንድ መስመር የለም።

«እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» አልኳት። ተቀመጠች። ክፍሉም ወደ ካርታው ተመለሰ።

ፈተና ያልኩት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ነው። ያን ጊዜ ሚኒስትሪ ትልቅ ነገር ነበር። ያለፈ ዘጠነኛ ክፍል ይገባል፤ የወደቀ ሞፈር ይጨብጣል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ትዳር ይጠብቃታል። ለሰዓዳ ባል ተገኝቶ ነበር። እናቷ ሚኒስትሪን እስክትፈተን ድረስ ብቻ ነው ታገሱን ያሉት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ፣ መሬት መሬት እያየች።

ፈተናው በሰኔ መጨረሻ ሐሙስ ቀን ነበር። የቆላዎቹ ልጆች ለፈተናው ሳምንት ስንቅ ሊያመጡ ዓርብ ወረዱ። ወንዙ ገና አልሞላም ነበርና በእግራቸው ተሻገሩ። ቅዳሜ ማታ የጀመረው ዝናብ እሁድን ሙሉ ዘነበ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ አሥራ አንድ መቀመጫ ባዶ ነው። የሎሚ ሽታ የለም።

ርእሰ መምህሩ ለወረዳው ደብዳቤ እንጽፋለን አሉ። ጻፉም። እኔ ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከጋሽ ሸዋንግዛው ጋር ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ጋሽ ሸዋንግዛው የዚያው የወንዙ አካባቢ ሰው ስለሆኑ መንገዱን ያውቁታል። እንደ እውነቱ ከሆነ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ተናግሬ አስታርቃቸዋለሁ የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ለሞላው ሰው ንግግር ብዙ ነገር የሚችል ይመስለዋል።

ያን መንገድ ዛሬም በሕልሜ እወርደዋለሁ። ስንነሳ ሁለት ሹራብ ደርቤ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። የገብሱን ማሳ አልፈን ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ጭጋጉ ከእግራችን በታች ነው፤ ወደ ውስጡ ገብተን በታች በኩል ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ አንዱን ሹራብ፣ ዝቅ ብለን ሌላውን አወለቅሁ። ቁልቋል መጣ፣ ከዚያ ግራር መጣ፤ አየሩ የሞቀ አፈር ይሸታል። ጋሽ ሸዋንግዛው ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ እያወጡ ይሰጡኛል፤ እየቆረጠምን እንወርዳለን። ወንዙን ከማየቴ በፊት ሰማሁት። በመጀመሪያ ነፋስ መሰለኝ።

አቶ ደግፌ ከእሾሁ አጥር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የተበጠሰ የጠፍር ገመድ ይቀጥላሉ። ስድሳውን የጨረሱ፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ፊታቸው ረዘም ያለ ሰው ናቸው። ሁለቱ ልጆቻቸው ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል። ከማዶ፣ ዋርካው ሥር፣ የተማሪዎቼ ነጠላ ነጭ ነጭ ይላል። ከእነሱ በታች ሁሴንና ዱላ የያዙት ዘመዶቹ አሉ፤ ታንኳው ደረቅ መሬት ላይ ተጎትቶ ተቀምጧል። በመሀላችን ያለው ውሃ ቡና ዓይነት ሆኖ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል።

እጅ ነሥቼ ተቀመጥኩና ንግግሬን ጀመርኩ። ልጆቹን አነሳሁ፤ ፈተናውን አነሳሁ። አቶ ደግፌ ገመዳቸውን ብቻ ሲቀጥሉ ጊዜ፣ ሌላ ነገር አጣሁና እንግሊዝንና ፈረንሳይን አመጣሁ። ሁለት ኃያላን ለአንድ ወንዝ ንግድ ሲሻሙ አገሬው እንዴት እንደተጎዳ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እነዚያ ሰዎች ወንዙን ዋኝተውታል?» አሉኝ።

«እነማን?»

«እንግሊዞቹ።»

«አይ፣ በመርከብ ነው።»

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?» አሉና ወደ ገመዳቸው ተመለሱ። ቋጠሮውን ጠበቅ እያደረጉ ግን፣ እኔን ሳያዩ፣ «አባቴን ይኸው ውሃ ነው የበላው። እኔ በሳምንቱ ሰው ሳሻግር ነበር፤ ገበያ ነበረና። ያንን የማዶውን ልጅ ዋና ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እዚህች ጋ፤ ሆዱን በመዳፌ ይዤ። ጎማውን ነፍቶ ሲመጣ ደጄን ረግጦ ‹ጋሼ፣ እንዲህ አስቤአለሁ› አላለኝም። እኔ የሰማሁት ከነጋዴ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ልጆቹን እርስዎ አያሻግሯቸውም?» ብቻ አልኩ።

«እኔ ሄጄ ባመጣ፣ በማዶ ዱላ ነው የሚቀበለኝ። እሱ ቢያመጣ፣ በዚህ ውሃ ታንኳውን ከዚህ ዳር በገመድ የሚይዝለት ካላገኘ ይወስደዋል። ይህን ያውቃል። ያውቃልና ይጠይቀኝ።»

አልጠየቀም። ጋሽ ሸዋንግዛውን ጩኸው ንገሩልኝ አልኳቸው። የገደል ሰው ድምፁን እንደ ገመድ መወርወር ያውቃል። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ሁሴን አቶ ደግፌን እንዲለምን ተጣሩ። ከማዶ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ «አጥሩን ያንሱ!» አቶ ደግፌ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፀሐይዋ ሰማዩ አጋማሽ ላይ ደርሳለች። ያን ጊዜ ነው ያንን ነገር ያደረግሁት። «ለልጆቹ ንገሯቸው» አልኩ፤ «ፈተናው ሐሙስ ነው፤ ያልመጣ ዓመቱ ይቃጠልበታል፤ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።» ጋሽ ሸዋንግዛው አንድ ጊዜ አዩኝና ቃል በቃል ጮኹት።

ምን ፈልጌ እንደሆነ ዛሬም እጠይቃለሁ። ሁሴንን ላስጨንቀው ነው መሰለኝ። የሰማችው ግን ሰዓዳ ናት።

ከነጭ ነጠሎቹ አንዱ ከዋርካው ሥር ተነሣ። ወደ ላይ፣ ከመሻገሪያው ርቆ ሄደ። ውሃ ልትቀዳ መሰለኝ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ በሁለት ብብቷ ሁለት ቅል አድርጋ ወደ ውሃው ስትገባ ነው የገባኝ። ጮኽኩ መሰለኝ፤ ድምፄን ግን እኔም አልሰማሁትም። ጥቂት እርምጃ በእግሯ ሄደች፤ ከዚያ ወንዙ አነሣት።

ሁሴን ጎማውንም ሰዉንም ጥሎ ዘለለ። ዞር ስል አቶ ደግፌ ከድንጋያቸው ላይ የሉም። ጋቢያቸውን ጥለው ወደ ላይ፣ ወንዙ ከሚወርድበት በተቃራኒ አቅጣጫ ይሮጣሉ። የሸሹ መሰለኝ፤ ይህን ማሰቤ እስከዛሬ ያሳፍረኛል። ወንዙን የሚያውቅ ሰው ፈጥኖ አይገባም፤ መጀመሪያ ወደ ላይ ይሮጣል፤ ውሃው ራሱ ወደሚፈልገው ቦታ እንዲያመጣው። ሃምሳ እርምጃ ያህል ሮጠው ገቡ።

አንዱ ቅል ከሰዓዳ አምልጦ ብቻውን እየዘለለ ሲወርድ አየሁ። ከዚያ ጭንቅላቷን አጣሁት። ከዚያ ሦስት ጭንቅላት አንድ ላይ፣ መሀል ወንዝ ላይ ታየኝ፤ ሁለቱ መሀከለኛውን ወደ ላይ እየገፉ። ወንዙ ሦስቱንም ይዞ ወደኛ ዳር ገፋቸው። በዚያ ዳር ላይ እግር የሚቆምበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። እሱም በእሾህ ታጥሯል።

የአቶ ደግፌ ልጆች ለአፍታ አልቆሙም። ያጠሩትን እሾህ በባዶ እጃቸው እየነቀሉ ወደ ኋላቸው ወረወሩት። እኔም ጋሽ ሸዋንግዛውም ገባንበት። መዳፌን የወጋኝን የተሰማኝ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሰዓዳ ወጣች፤ ቀጥሎ ሁሴን አቶ ደግፌን ከወገባቸው ገፍቶ አወጣና እሱ ወጣ።

ሰዓዳ ያንን ሁሉ ውሃ ስታስታውክ ጀርባዋን ያዝኩላት። ሕያው መሆኗን ሳይ አጠገቧ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቱ ወንዶች ሁለት እርምጃ ያህል ተራርቀው ተጋድመዋል፤ ይተነፍሳሉ። በመጨረሻ አቶ ደግፌ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«መምህርት፣ ይህን ሰውዬ ጠይቂልኝ። ጎማው ስንት ሰው ይችላል?»

ሁሴን ከጎናቸው ነው። ግን ጠየቅሁት።

«አምስት በሏቸው» አለ። «ገመዱ ጠበቅ ተደርጎ ከተያዘ።»

«አምስት ነው የሚለው፤ ገመዱ ከተያዘ።»

«ይያዛል በይው። ከታች አይደለም ግን፤ ከላይ፣ ከዚያች ቋጥኝ ላይ ይሰር።»

«እዚያ ላይ ማሰር ሳይሻል አይቀርም፤ እኔም እሱን ነበር የማስበው በሏቸው።»

እንዲህ እያልኩ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ቃላቸውን አሻገርኩ። ጋሽ ሸዋንግዛው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ትልቁ የአቶ ደግፌ ልጅ የገመዱን ጫፍ ወገቡ ላይ አስሮ ዋኝቶ ተሻገረ። ማዶ ሲደርስ ዱላ የያዙት ሰዎች ዱላቸውን መሬት አስቀምጠው ገመዱን ተቀበሉት። ቀሪዎቹ አሥር ልጆች በሁለት ዙር፣ ስንቃቸው ሳይረጥብ ተሻገሩ። ሁሴን ወደ ማዶ አልተመለሰም፤ አቅም አልነበረውም። አመሻሹ ላይ የአቶ ደግፌ ባለቤት የማሽላ እንጀራ በባቄላ ወጥና በቃሪያ አቀረቡልን። የሁሴን ልብስ እሳት ዳር ተሰቅሎ ስለነበር የአቶ ደግፌን ሸሚዝ ለብሶ ነበር የበላው። እጅጌው ይረዝምበታል። ባለቤታቸው መጥተው እስከ ክርኑ ጠቀለሉለት።

ሐሙስ አሥራ አንዱም ተፈተኑ። ሰዓዳ ትኩሳት ይዟት ስለነበር ወረቀቷ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ነበር የምትጽፈው። ወደቀች። ከዚያ ሁሉ በኋላ ወደቀች። ውጤቱን የሰማሁ ዕለት ብቻዬን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ሁሴን ግን መስከረም ላይ ይዟት መጣ። የተገኘላትን ባል ነገር እንዲያቆዩት እናቱን አሳምኖ ነበር። «አንድ ዓመት ይስጧት» አለኝ፤ «ክረምት ሲገባ ወደ ወንዙ እንዳትወርድ እርስዎ ጋ ትቀመጥ።» ዓመቱን ሙሉ ከኔ ጋር ኖረች። እሷ የኔን እርድ አትበላ፣ እኔ የሷን አልበላ፤ ሥጋ የሚባል ነገር ሳናይ ሽሮና ምስር እየቀያየርን ከረምን። በዚያ ከባድ ባና ሥር ሁለት ሆነን ስንተኛ ብርዱም አልደፈረንም። በዚያ ዓመት የሳቅነውን ያህል ከዚያ በኋላ የሳቅሁ አይመስለኝም። ሚኒስትሪን አልፋ፣ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ፣ በመጨረሻ ነርስ ሆነች።

አንድ ቀን ልብስ ስናጥብ፣ «ያን ዕለት ያስጮኽኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ለመናገር ወራት ፈጅቶብኝ ነበር።

«አልሰማሁትም» አለችኝ። «እኔ ቅሉን ሳስር ነበር።»

እውነቷን ይሁን፣ እኔን ለማዳን ብላ ይሁን፣ አላውቅም። ደግሜም አልጠየቅኋትም።

አቶ ደግፌና ሁሴን ፍቅር ሆኑ አልልም። በተከታዩ ክረምትም ስለ ተራ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ግን ገመዱ ተያዘ፤ አጥሩም አልተመለሰም። አቶ ደግፌ ያረፉ ጊዜ፣ እኔ ከቀየት ከተዛወርኩ በኋላ ነው፣ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ሁሴን እንደነበር ሰዓዳ ጽፋልኛለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ በኩል ለለቅሶ ስንሄድ መኪናችን ወንዙን በድልድይ ተሻገረ። ከሲሚንቶ የተሠራ ሰፊ ድልድይ ነው። ሾፌሩን አቁምልኝ ብዬ ወረድኩና ከዳር እስከ ዳር በእግሬ ሄድኩ። ወደ ታች አየሁ፤ ያው ውሃ ነው። ሰዎች በስልካቸው እያወሩ ያልፋሉ፤ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ የምትገፋው ጋሪ ላይ ሽንኩርት ጭና አለፈች፤ ወንዝ መሻገሯን ያስተዋለችም አይመስለኝም። እንዲህ መሆኑ ጥሩ ነው። ማንም ልጅ ቅል አስሮ እዚያ ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። ማዶ ደርሼ ስቆም ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። ያኔ ለመሻገር የሌላ ሰው እጅ መያዝ ግድ ነበር፤ የምትጠላውም ሰው ቢሆን። እኔ በድልድዩ ማንንም ሳልይዝ ተሻገርኩ፤ ማዶም የጠበቀኝ ሰው አልነበረም።